የማናዬ ሰንሰለት

በእኛ ሰፈር ሁለት ማናዬ ነበሩ። አንዱ አጎቴ፣ አንዱ ትራክተሩ።

ትራክተሩን አባቴ ደሴና ታናሽ ወንድሙ ማናዬ በሬዎቻቸውን ሸጠው በጋራ ያመጡት ነው። ድሮ ቀይ ነበር አሉ፤ እኔ ሳውቀው ፀሐይና ጭቃ ተባብረው የበሬ ጉበት አስመስለውታል። መሪውን የሚይዘው አያ ማናዬ ብቻ ስለነበር ሰው ሁሉ ማሽኑን በሰውየው ስም ይጠራዋል። በወረታ መንገድ በኩል ድምፁ ሲሰማ «ማናዬ መጣ» ነው። ጥቁር ጭስ ሲተፋ «ማናዬን ዛሬ ምን ነካው?» ነው። «ማናዬ ጠማው» ሲባል ለማሽኑ ጀሪካን ውሃ፣ ለሰውየው ጠላ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ተምታቶብኝ ጠላውን በራዲያተሩ አፍ ላንቆረቁር ስል አጎቴ ሮጦ ደርሶ አዳነው። ጠላውን ማለቴ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ሁለቱን ማናዬዎች ለይቼ አላውቅም ነበር አልልም፤ አውቅ ነበር። ያን ሰኔ የሰማሁት ሁሉ ግን ለአንደኛው የተባለ ሆኖ ለሌላው ልክ ይገባ ነበር።

አያ ማናዬ፣ ሰውየው፣ ደህና አልነበረም። ዛሬ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ላም የት ጋ እንደሚያማት አትነግረኝም፤ ከጆሮዋ ሙቀት፣ ከአፍንጫዋ ድርቀት፣ ከእበቷ ምልክቱን ለቅሜ ነው የምደርስበት። ይህን ሥራ በአጎቴ የጀመርኩት ይመስለኛል። ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ግድግዳውን ያያል። በዓል ባልሆነ ቀን በሳሙና ይታጠባል። ሳይነጋ ተነስቶ ከበረቱ ጀርባ ይቆምና ከጥጃዋ በቀር ማንም በሌለበት ያጉረመርማል። የሚያጉረመርመው አማርኛ አይደለም። ዜማ ቢኖረው የቤተ ክርስቲያን ነው እል ነበር፤ እሱ ግን ባለዕዳውን እንዳገኘ ሰው ጥርሱን ነክሶ ነው የሚለው። «ወተኩሰ… ወተኩሰ…» ይላል። እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ግንባሩን በመዳፉ ይመታል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ ከማገዶው ክምር ኋላ ቁጢጥ ብዬ እሰማለሁ። ጥጃዋ እያመነዠከች ትሰማለች።

አንድ ከሰዓት ደግሞ ትራክተሩ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ማዶ ጣራ ገዳም ተራራ ላይ ተክሎ «ይታይሽ… ይታይሽ…» አለ። በአካባቢው ከእኔ በቀር ሴት አልነበረም።

«ምኑ ነው የሚታየኝ አያ?» አልኩት።

ከጎማው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ምንም! ምንም አይታይሽ!» ብሎ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ይታይሽ የሰፈራችን መሪጌታ የዓለምብርሃን ልጅ ስም ነው። እኛ ልጆች «እታለም» ስንላት ነው ያደግነው፤ የክርስትና ስሟ ይሁን የቤት ስሟ፣ ሌላ ስም ይኖራታል ብዬ አስቤም አላውቅ። እናም ወደ ጣራ ገዳም ዞሬ የሚታየውን ነገር ብዙ ፈለግሁ። ደመና ብቻ ነበር።

የተያዘ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ከእናቴ ጋር ጠበል የወረድን ጊዜ አንድ ጎልማሳ ብቻውን ሲያወራ፣ ያልተማረውን ቋንቋ ሲናገር አይቻለሁ። እግሩ ላይ ሰንሰለት ነበረ። እናቴ ዓይኔን በነጠላዋ ብትሸፍነውም ነጠላው ስስ ነበር።

ሁለተኛው ማናዬ ደግሞ በዚያው ሳምንት ጭቃ ውስጥ ገባ። የፎገራ ዋልካ በሰኔ ማንንም አይምርም፤ እግር ካስገቡለት ጫማውን አስቀርቶ ነው የሚመልሰው። ጎማዎቹ ተልጠው እንደ መላጣ ራስ ሆነው ነበር። የቆመውም ሌላ ቦታ አይደለም፣ የመሪጌታ ዓለምብርሃን የሩዝ ማሳ መሃል ነው። መሪጌታ የደብራችን የዜማ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው። አያ ማናዬ ማሳቸውን ርብ ወንዝ ሳይሞላ በነጻ አርስልዎታለሁ ብሎ ራሱ ለምኖ ገብቶ፣ ግማሹን እንኳ ሳይጨርስ እስከ ሆዱ ሰመጠ። ትራክተሩ ማለቴ ነው። አጎቴም ግን ከዚያ ብዙ አልተሻለም።

በዚያ ምሽት እራት ላይ አጎቴ አልነበረም። እናቴ ደብሬ ወጥ እያወጣች፣ አባቴ እግሩን እየታጠበ ያወሩ ነበር።

«ማናዬን እንደዚህ አድርጎ ይዞት አያውቅም» አለ አባቴ።

«ያ ሁሉ ሰው ተረባርቦ አልለቀው አለ?»

«በሰው ጉልበት አይሆንም። ሰንሰለት ካልገባለት አይለቀውም። ወረታ ባየህ ጎሚስታ ጋ አሮጌ አለ፣ ነገ ይዞት ይመጣል።»

«አሮጌ? እንዳይበጥሰው! የማናዬን ጉልበት ታውቀው የለ!»

«ከመንገድ ሥራ ማሽን ላይ የወረደ ነው ባክሽ። ግራና ቀኙ እኩል ከጠበቀ የፈለገ ቢወራጭ አይፈታም።»

እናቴ ጭልፋውን አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሱ ራሱ ምን ይላል?» አለች።

«እሱማ ቶሎ እሰሩልኝ እያለ ይለምናል። በየኔታ ፊት ተዋረድኩ ብሎ እንቅልፍ አጥቷል።»

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። አያ ማናዬ ራሱን አውቆ፣ እሰሩኝ እያለ! ይህን ያህል ጨዋ ሰው መቼም አይገኝም ብዬ ለብቻዬ አለቀስኩ። እናቴ በርበሬው መስሏት ውሃ ሰጠችኝ።

ባየህ ጎሚስታ በማግስቱ በጋሪ መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጥቁር እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ የጠጣ ሰው ነው። ጆንያውን ደጃችን ላይ ሲገለብጠው ሰንሰለቱ እንደ እባብ ክምር ተዘረገፈ። ዝገቱ ሣሩን ቀይ አደረገው። አጎቴ ከትራክተሩ ጋር ማሳው ላይ ነበር፤ ባየህ ግን ሰንሰለት ከመልበሱ በፊት በደረቅ መሬት ተዘርግቶ ካልታየ ጭቃ ላይ ያዋርዳል ብሎ፣ ተንበርክኮ ቀለበት በቀለበት ይፈታው ጀመር። የታጠፈውን በመዶሻ ያቀናል፣ የሳሳውን በጥፍሩ ይፍቃል፣ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ያገላብጣል። እኔ የእህል ጎተራው እግር ሥር ነበርኩ።

«ይኼ ለሱ ይሰፋዋል» አለ ባየህ። «ከየጎኑ ትንሽ እንቆርጥለታለን። ደሴ፣ መንጠቆው አፉ ወደ ውጭ ይሁን፣ እወቅ። ወደ ውስጥ ከዞረ ሥጋውን ይበላዋል።»

«እንዴት ነው የሚገባለት ግን? ነፍቶ የለ እንዴ?» አለ አባቴ።

«ቀላል ነው! መጀመሪያ ንፋሱን ትንሽ እንቀንስለታለን። ለስለስ ሲል ሰንሰለቱን እናለብሰዋለን። ከዚያ መልሰን እንነፋዋለን፣ ሲያብጥ ራሱ ያጠብቀዋል።»

አማርኛ አንዳንድ ጊዜ በሁለት ፊደል ሰው ይገድላል። ባየህ «ንፋሱን» ነው ያለው። ፒንሳውን በአፉ ነክሶ ስለነበር እኔ የሰማሁት «ነፍሱን» ነው።

ሮጥኩ።

የየኔታ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ነው። እሳቸው ዋርካው ሥር ተቀምጠው፣ ዙሪያቸውን ተማሪዎቻቸው ከበው ያዜማሉ። የሩዙን ውሃ አቋርጬ እስከ ወገቤ ጭቃ ሆኜ መሃላቸው ወደቅኩ። ዜማው ተቋረጠ።

«የኔታ! አያ ማናዬን በሰንሰለት ሊያስሩት ነው! ነፍሱንም ሊቀንሱለት ነው!»

የኔታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ነፍስ አይቀነስም፣ ልጄ።»

«ባየህ ጎሚስታ ይቀንሳል! መልሶ ይነፋዋል!»

አንዱ ተማሪ ሳቁን በነጠላው አፈነ። የኔታ አልሳቁም። «ምን ሆነና ነው የሚያስሩት?»

ያየሁትን ሁሉ፣ ሳሙናውን፣ ግድግዳውን፣ ጥጃዋን፣ ነገርኳቸው። ይታይሽ የሚለውንም ነገርኳቸው። እዚህ ላይ የኔታ ሳል ያዛቸው፤ ከቤት ውስጥ ደግሞ የሆነ ዕቃ ወድቆ ተሰበረ።

«ከሁሉም የባሰው የኔታ፣ በማይገባ ቋንቋ ያወራል።»

«ምን እያለ?»

ዓይኔን ጨፈንኩና አንድም ሳላስቀር፣ ከነቁጣው፣ ከነትንፋሹ አልኩላቸው። የማገዶው ክምር ኋላ የከረምኩት በከንቱ አልነበረም። «ወተኩሰ» ላይ ስደርስ ቆምኩና ግንባሬን በመዳፌ መታሁ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚይዘው።»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የኔታ ግን ተነስተው ካባቸውን ለበሱ፣ መስቀላቸውን ያዙ፣ መቋሚያቸውን አነሱ። በአእምሮዬ ጋኔኑ አለቀለት።

የዚያን ፊታቸውን ዛሬ ሳስታውሰው የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። ለመሳቅ መብት የሌለው ሰው ፊት ነበር። አጎቴ ልጃቸውን እንደሚፈልግ በሰው በሰው ሰምተው፣ አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ጠርተው «ልጄን ለባለ ሞተር አልሰጥም ብዬ አላውቅም፤ የሰኞን ጸሎት በቃሉ ለማይወጣ ሰው ግን አልሰጥም» ብለውት ነበር። አያ ማናዬ የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ሰው ነው። ከአንድ ተማሪ በድብቅ እየተማረ፣ ወንድሙ እንዳይስቅበት ለጥጃዋ ያስጠና ነበር።

መንገድ ላይ ያየን ሁሉ «ምንድን ነው?» ይላል። ተማሪዎቹ «ማናዬ ተይዞ ነው» ይላሉ። ይህ ወሬ በሰፈሩ እንደ ተሰነጠቀ እንጨት ለሁለት ሄደ። ትራክተሩ የመሰላቸው አካፋና ገመድ ይዘው ወጡ። ሰውየው የመሰላቸው የጠበል ጠርሙስና ጀሪካን ይዘው ወጡ። ማሳው ዳር ስንገናኝ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ዕቃ እያየ ተገረመ።

«አካፋው ምን ሊያደርግ ነው? ልትቀብሩት ነው?» አለች ጎረቤታችን እማማ ሸዋዓለም፣ ጠርሙሷን አቅፋ።

«እናንተስ በዚህ ጭቃ ላይ ውሃ ልትጨምሩ ነው?» አሏት።

ከዚያ አየሁት። ትራክተሩ በሆዱ ተኝቷል። ባየህና አባቴ በየት ቀድመውን እንደደረሱ እንጃ፣ ሳንቃ አንጥፈው፣ ክሪክ ደግፈው፣ የጎማውን ንፋስ አጉድለው፣ ጭቃውን ቆንጥጦ እንዲወጣ ሰንሰለቱን ጎማው ላይ አልብሰውታል። ይህን ሁሉ አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ያየሁት ከብረቱ ሥር የወጡትን የአያ ማናዬን ሁለት ባዶ እግሮችና፣ እግሮቹ መሃል እየተንቀጫቀጨ የሚሳበውን የሰንሰለት ጫፍ ብቻ ነው።

«አሰሩት!» ብዬ ጮህኩ። እማማ ሸዋዓለም እልል ልትል ወይስ ልታለቅስ አላወቀችም፤ ሁለቱንም ጀመረች።

«ዝም በሉ!» አለ ባየህ። «ማናዬ፣ የውስጡን መንጠቆ እንዳትለቀው! የውስጡ ካልገባ የውጪውን ባጠብቀው ዋጋ የለውም! እስካወጣልህ ድረስ እዚያው ያዝ!»

ከሥር መልስ አልመጣም። የመጣው ማጉረምረም ነው። አጎቴ ጭንቅ ሲይዘው እንደ ልማዱ ያንኑ ጀምሯል፤ ፊቱ ጭቃ ላይ፣ ሁለት እጁ መንጠቆ ላይ፣ ሰው መሰብሰቡን ከማሽኑ ሥር ሆኖ የት ያይና! የኔታ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሕዝቡም አብሮ ጎንበስ አለ።

«…ወተኩሰ…» አለ ከሥር። «ወተኩሰ…»

«ወትኩዘ» አሉ የኔታ። «*ዘ* ነው። ተኩሱን ከየት አመጣኸው፣ ዘመቻ ነው እንዴ?»

ከሥር የራስ ቅል ከብረት ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ።

«የኔታ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልውጣ እንዴ የኔታ?»

«እንዳትወጣ!» አሉ ባየህና የኔታ በአንድ አፍ። ባየህ ስለ መንጠቆው ነው። የኔታ ጨምረው «ካቆምክበት ቀጥል» አሉ።

ቀጠለ። በመጀመሪያ ድምፁ እንደ ውሻ ቡችላ ነበር። ባየህ ከውጭ በፌሮ ሲስብ፣ እሱ ከውስጥ ሲገፋ፣ ቃሉም እየተገፋ ይወጣል። አካፋ የያዙት አካፋቸውን ተደግፈው፣ ጠርሙስ የያዙት ጠርሙሳቸውን አቅፈው ይሰማሉ። አባቴ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ወንድሙ ግእዝ እንደሚያውቅ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነው። ሁለት ጊዜ ተሰናከለ፣ ሁለት ጊዜ ራሱ አነሳው። የመጨረሻውን ቃል ሲል መንጠቆው *ቀጭ* ብሎ ገባ።

«አሜን» አሉ የኔታ።

«ተመስገን» አለ ባየህ።

«ለቀቀው!» አለች እማማ ሸዋዓለም፣ ጠርሙሷን አጎቴ እግር ላይ እየገለበጠች።

አያ ማናዬ ጭቃ ለብሶ፣ ግንባሩ አብጦ ወጣ። የኔታን ቀና ብሎ ማየት ስላቃተው በቀጥታ ትራክተሩ ላይ ወጥቶ አስነሳው። ጥቁር ጭስ ተተፋ። ማሽኑ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሰንሰለቱን በጎማው መከለያ፣ በፓራፋንጎው ላይ እያላተመ ከጉድጓዱ ዘሎ ወጣ። እኔም የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አየሁ። ጋኔኑ ከአጎቴ ወጥቶ ወደ ትራክተሩ ገብቷል። ሰንሰለቱ ለዚህ ነው የተገዛው። የባየህ ብልሃት ገባኝ፤ አስቀድሞ ማሽኑን አስሮ መጠበቁ!

ብዙም ሳይሄድ ባየህ እጁን አንስቶ አስቆመው። ፒንሳና የውስጥ ጎማ ቁራጭ ይዞ እየተንደረደረ ሄደ።

«አልጠበቀም እንዴ?» አሉ የኔታ።

«ቆሞ ሲያዩት የማይጠብቅ የለም የኔታ። ሲሄድ ነው የሚላላ። ትንሽ ተሂዶ፣ ተቁሞ፣ እንደገና ነው የሚጠበቅ። አለዚያ ይኸው እንደሰሙት ይንኳኳል።»

የኔታ ጢማቸውን ነካኩ። «ልክ እንደ ተማሪ» አሉ። ወደ አጎቴ ዞሩና «ማናዬ! እሱ ሰንሰለቱን እስኪያጠብቅ እንደገና በልልኝ» አሉት።

አያ ማናዬ መሪው ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሩ እየተርገፈገፈ፣ እንደገና አለው። «ወትኩዘ» ላይ ሲደርስ መንደሩ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አለፋት። አካፋ የያዙት ጭምር እልል አሉ።

የኔታ ወደ አባቴ ጠጋ አሉ። «ደሴ፣ እሑድ ሽማግሌ ብትልክ በሬ ክፍት ነው።»

«ለማን የኔታ?» አለ አባቴ፣ ገና አልነቃም።

«ለማናዬ።»

አባቴ አጎቴን አየ፣ ትራክተሩን አየ። «ለየትኛው?»

«ጭስ ለማያወጣው።»

ያን ክረምት ማሳው ርብ ሳይሞላ ታረሰ። እኔ ግን ወደ ትራክተሩ አልቀረብኩም። ውሃ ስጪው ስባል ጀሪካኑን ከሩቅ አስቀምጬ እሮጣለሁ፣ ሲያጓራ አማትባለሁ። ሠርጉ ላይ ሙሽሮቹን ሊጭን በአበባ አሸብርቆ ሲመጣ ከዳሱ ወጥቼ የተሸሸግሁት ለዚህ ነበር፤ እናቴ እስከ ዛሬ ዓይነ አፋር ስለነበርሽ ነው ትላለች።

ባለፈው መስከረም አጎቴ ቤት ሄጄ ነበር። ትራክተሩ ከተሸጠ ቆይቷል፤ የሰንሰለቱ ቁራጭ የበረታቸው በር መዝጊያ ሆኗል። እታለምን፣ ይታይሽን፣ ጠይቄያት የማላውቀውን አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«ያን ቀን አንቺስ ከየትኞቹ ጋር መጣሽ? ከአካፋዎቹ ወይስ ከጠበሎቹ?»

ቃሪያ እየቀረደደች ነበር። «በአንድ እጄ አካፋ፣ በአንድ እጄ ጠበል» አለች ቀና ሳትል። «አንቺ ሰውየው ተያዘ አልሽ፣ መንገደኛው አካፋ ይዞ ይሮጣል፤ የትኛው መሆኑን ማን ነገረኝ?»

«እና የትኛውን ተጠቀምሽበት?»

«አካፋውን አባትሽ ተቀበለኝ።»

«ጠበሉስ?»

ያን ጊዜ ከበረቱ ጀርባ ማጉረምረም ተሰማ። አያ ማናዬ ጢሙ ሸብቷል፤ ሰኞን ከወጣ በኋላ ማክሰኞን፣ ከዚያ ረቡዕን እያለ አማቱ ከሞቱም በኋላ አልተወም፤ አሁን ዓርብ ላይ ደርሷል። ድምፁ መጣ፣ መጣ፣ አንድ ቃል ላይ ቆመ። መዳፍ ግንባር ሲመታ ሰማን። ሌላ ጥጃ እምቧ አለች።

ይታይሽ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ መደርደሪያው ላይ ከጨው ዕቃው ኋላ ያለውን አቧራማ ጠርሙስ በአገጯ አሳየችኝ።

«አልደፋሁትም» አለች። «ምን ይታወቃል።»